ባህር ዳር ላይ የመጀመሪያ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እኚህን ሰው ሳታገኙ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ሰላም የባህር ዳር ልጆች። መጻፍ ላይ ሰነፍ ነኝ ግን እኚህን መካኒክ ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ብለውኛል፣ «አሁንም ስራው በዝቶብኛል» ብለው፣ ስለዚህ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስንት ዓመት እቁብ ጥዬ ያጠራቀምኳትን ይዤ መኪና ፍለጋ ወጣሁ፣ ደላላው ነጭ ቪትዝ አሳየኝ 1 ሚሊየን 350 ሺህ፣ ስታዩት ትናንት ከመርከብ የወረደ ነው የሚመስለው። «የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ዋጋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የለም፣ ዛሬ ካልያዝሽው ነገ የለም» አለኝ። ክልከላው እውነት ነው በ2016 ነው የመጣው፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ዶላር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅም ያየነውን አይተናል፣ እኔም ፈራሁና ቀብድ ልከፍል ስል ጓደኛዬ እጄን ይዛ ጋሼ ጋር ወሰደችኝ።

ጋሼ ጠዋት 1 ሰዓት መጡ። ቁልፍ እንኳን አልጠየቁም፣ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። ሞቋል። ሻጩ «አሁን ነድቼው መጥቼ ነው» አለ፣ ቤቱ እኮ እዚያው አጥሩ ውስጥ ነው! «ይደር በቃ፣ የሞቀ ሞተር ችግሩን ይደብቃል፣ ነገ ሳይነሳ እንመጣለን» አሉና ሄድን። በነጋታው ሲነሳ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡን አለ፣ ዘይት ይበላል ማለት ነው አሉኝ። ከዛ ከአሮጌ ስፒከር የነቀሏትን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው አካሉ ላይ ያስኬዷታል፣ በሩ ላይ ትይዛለች፣ ከኋላው ጎማ በላይ ስትደርስ ዱብ። እንደገና ዱብ። ላሜራው ላይ ያለው ስቱኮ ነው ለካ፣ የተጎዳ አካል የሚሞሉበት፣ ማግኔት አይዘውም። ኪሎ ሜትሩ 86 ሺህ ይላል፣ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ግን አልቆ ብረቱ ይታያል፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ሳይመለስ አይቀርም።

ካርቶን ቀደው በእርሳስ ጻፉልኝ። የዚያው ዓመት ንጹህ ቪትዝ በስንት እየወጣ እንደሆነ ከላይ፣ ከስሩ ሞተር ማሰሪያ፣ አራት ጎማ (ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሰራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ እኔ እስከዛሬ አላውቅም)፣ ደግሞ «ተጋጭቷል፣ ነገ አንቺም ስትሸጪው ይቀነስብሻል» ብለው ሌላ ቀነሱ። 1 ሚሊየን 80 ሺህ መጣ። ደላላው ጋሼን ወደ ጎን ወስዶ «ላንተም አለልህ» ሲላቸው ሰምቻለሁ፣ እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ማግኔታቸውን ኪስ ከተው «ልጄ እንሂድ» አሉኝ።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ሌላ አገኘን፣ ብርማ ነው፣ ጎኑን ባጃጅ ልጦታል፣ መልኩ ምንም አይስብም፣ 1 ሚሊየን 260 ሺህ። እኔ በጣና ዳር በፓልሙ ስር ልሞክረው ስል ሳቁብኝ፣ «ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ እዚህ የማይሄድ መኪና የለም» ብለው ኤሲ ከፍተን አራት ሰው ጭነን ቤዛዊት አስወጡኝ። የሙቀት መርፌው መሃል ላይ ቀጥ እንዳለ ነው፣ ቁልቁለቱን ስንወርድም ፍሬን ስይዝ ወደ ጎን አልጎተተኝም። የሻንሲ ቁጥሩን በስልክ መብራት ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አነበቡ፣ መንገድ ትራንስፖርት ሄጄ የባንክ እገዳ እንደሌለበት ሳላጣራ ብር እንዳልሰጥም አስጠነቀቁኝ። የፊት ሾኩ አልቋል፣ ሁለት ጎማም ይፈልጋል፣ ባለቤቱ ካርቶኑን አይቶ ብዙም ሳይከራከር በ1 ሚሊየን 215 ሺህ ተስማማን።

የተቀበሉኝ 3 ሺህ ብር ነው፣ ለሁለቱም መኪና። ልጨምር ብል እምቢ። አንድ ችግር አላቸው፣ ስልክ አያነሱም፣ ጋራዡ ድረስ መሄድ ነው ያለው፣ እሁድ ደግሞ ጭራሽ አይገኙም።

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ለሾኩ እመጣለሁ።