ካሴት፣ ኦርጅናል ሲዲ ወይስ ኮፒ? አሮጌ ጌም ለማቆየት የሚገዛ ሰው ድሬዳዋ ላይ ምን ይምረጥ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ ሐረር ሸዋ በር፣ አሮጌ ጌም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሦስት መልክ ነው፦ ካሴት (ማሽኑ ላይ የሚሰካው)፣ ኦርጅናል ሲዲ እና ኮፒ። ዛሬ ማታ ለመጫወት ብቻ ከሆነ የሚሠራውን ማንሳት ይበቃል። ከ20 ዓመት በኋላም እንዲነበብ ለሚገዛ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ከገበያ ወጥተዋል። የቀሩት በሰው እጅ ያሉት ቅጂዎች ናቸው፤ ስለዚህ የምትገዙት ዕቃ ዋጋ አለው።

የድሬን ሙቀት የሚችለው ካሴት ነው። ውስጡ ሰሌዳና ቺፕ ብቻ ስለሆነ የሚሽከረከርም የሚጫርም ነገር የለውም። ሴቭ የሚያደርጉ ብዙ የሱፐር ኒንቴንዶ (የድሮ የጌም ማሽን) ካሴቶች ግን ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪ አላቸው፤ እሱ ሲሞት ሴቩ ይጠፋል እንጂ ጌሙ አይጠፋም። ለመቀየር 3.8 ሚሊ ሜትር የሆነውን የኒንቴንዶ ብሎን መፍቻ ያስፈልጋል። አዲሱ ባትሪ ጆሮው (ከሰሌዳው ጋር የሚያያዝበት ቀጭን ብረት) አብሮት የተበየደ ይሁን፤ ባትሪው ላይ በቀጥታ መበየድ ሊያፈነዳው ይችላል። እዚያው ከፍታችሁ ሳለ ሰሌዳውን ተመልከቱ፦ በሱፐር ኒንቴንዶ ካሴት ውስጥ እግር ያለው ቺፕ መታየት ሲገባው ጥቁር የሙጫ ጠብታ ካያችሁ የተመሳሰለ ነው። ካሴቱ አልነሳ ሲል እፍ አትበሉበት፤ የትንፋሽ እርጥበት ጥርሱን (ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን የብረት መገናኛ) ያዝጋል። 90 በመቶ እና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል በጥጥ ነክራችሁ ጥርሱን ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ።

ኦርጅናል ሲዲ ላይ ገዢው ሁሉ የሚገላብጠው ታችኛውን ፊት ነው። ከፕሌስቴሽን 2 ዲስኮች ታቹ ሰማያዊ የሆነው ሲዲ ሲሆን፣ ብርማው ዲቪዲ ነው። በሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከሥዕሉ ሥር ነው፤ የሚጠብቀው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ስለሆነ በሥዕሉ በኩል በሚስማር የተጫረ ሲዲ አለቀለት፣ ምንም ማሽን አይመልሰውም። ዲቪዲ ግን መረጃው እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር በሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች መሃል ተጣብቆ ስለሚቀመጥ በሥዕሉ በኩል ይሻላል። ስለዚህ ሰማያዊውን ስትገዙ አምፖል ላይ ያዙት፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካለ ተዉት። ከታች በኩል ያለ ጭረት ብዙ ጊዜ በማሽን ይለሰልሳል። ከመሃል ወደ ዳር ከሄደ ጭረት ይልቅ ዙሪያውን ተከትሎ የሄደው የከፋ ነው፤ ሌንሱ መንገዱን ለረጅም ርቀት ያጣዋልና። ስትጠርጉም በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እንጂ እያዞራችሁ አይሁን። ሻጩ የጌሙን መግቢያ ከፍቶ ማሳየቱ ስለ ቀሪው ዲስክ ብዙ አይነግራችሁም። እውነተኛው ፈተና ዲስኩን በኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ሙሉውን ወደ አይኤስኦ (የዲስኩን ቅጂ የሚይዝ አንድ ፋይል) መገልበጥ ነው፤ ሁለት ጊዜ ገልብጣችሁ የሁለቱ ኤምዲ5 ቁጥር (ኮምፒውተሩ ከፋይሉ ይዘት የሚያሰላው መለያ) ከተመሳሰለ ንባቡ አስተማማኝ ነው። 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ 4.7 ጊጋባይት የሆኑ 200 ያህል ዲስኮችን ይይዛል።

የኮፒ ሲዲ ታች ወደ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ያደላል። መረጃው ያለው በቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ ሙቀትና ፀሐይ ያጠፉታል፤ ቆርቆሮ ጣራ ሥር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ኮፒ ዕድሜው አጭር ነው። ያም ሆኖ አትናቁት። በከተማችን ብዙ ጌም ቤት የኖረው በኮፒ ነው፤ ሻጩ በእስክሪብቶ ስሙን በአማርኛ የጻፈበት ዲስክ የራሳችን ታሪክ ነው። ካገኛችሁ በርካሽ ግዙ፣ በዚያው ቀን ገልብጡት፣ የፊቱንም ፎቶ አንሱ።

ማጫወቻውን በተመለከተ፣ ወፍራሙ ፕሌስቴሽን 2 ከኋላው የሞዴል ቁጥር አለው። በ4 የሚያልቀው፣ ለምሳሌ 50004፣ የአውሮፓ ስለሆነ ለ220 ቮልታችን ይስማማል። በ1 የሚያልቀው የአሜሪካ 120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ይቃጠላል። ለ4ው ማሽን ዲስኩ ላይ ፓል (የአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት) የሚል ምልክት ያለውን ምረጡ።

አዲስ ጌም ስትገዙ ደግሞ ካርቶኑን አንብቡ። ለኒንቴንዶ ስዊች 2 ማሽን ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹ ቁልፍ ብቻ እንጂ ጌሙን አልያዙም፤ ጌሙ ከኢንተርኔት ነው የሚወርደው። ዘ ክሩ የሚባለው የመኪና ውድድር ጌም በ2024 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት የሚገናኝበት ሰርቨር ሲዘጋ ዲስኩን የገዛውም መጫወት አልቻለም። ለማቆየት ከሆነ እንዲህ ያለው ላይ ገንዘብ አናወጣም።

የእኛ ምርጫ፦ ድሬ ላይ ሰማያዊውና ብርማው ዲስክ በአንድ ዋጋ ከቀረቡ፣ ከነመመሪያው ያለ ብርማ የፕሌስቴሽን 2 ኦርጅናል ዲቪዲ። ቤታችሁ የማይቀዘቅዝ ከሆነና በቂ ገንዘብ ካለ ካሴት። ኮፒ ለታሪኩ ብቻ። ዲስኩን በቤቱ ውስጥ አቁማችሁ፣ ከጣራም ከመስኮትም ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ የት ድረስ እንደደረሰ ጎረቤት ጠይቃችሁ ሳጥኑን ከዚያ በላይ ስቀሉ።