ጣና ዳር የሚቆም ተሳቢ በሶላር፦ 200 ዋት ፓነልና 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ከጥቅምት እስከ ነሐሴ

ባትሪው አላሳፈረም፤ ፓነሉም እንደዚያው። ችግር ሲፈጥሩ የከረሙት ኢንቨርተሩ (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 ቮልት የሚቀይረው) እና ከተሳቢው ጋር የመጣው ቀጭን ሽቦ ናቸው። ሁለተኛ ባትሪ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ እነዚህን ሁለቱን ይፈትሽ።

ተሳቢው በፒክአፕ የሚጎተት፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ፣ ባለ አንድ አክስል ነው። ጣሪያው ላይ ሁለት ባለ 100 ዋት ፓነሎች በተከታታይ ተያይዘዋል። ከሥር ባለ 20 አምፔር ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (ከፓነሉ የሚመጣውን ለባትሪው አመጣጥኖ የሚሞላው)፣ 12.8 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ 1000 ዋት ፒዩር ሳይን ኢንቨርተር፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 40 ሊትር ኮምፕረሰር ፍሪጅ፣ አራት ኤልኢዲ መብራቶችና የውሃ ፓምፕ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የቆመው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳርና በዘጌ በኩል ነው፤ ጎርጎራም ደርሷል።

በበጋ፣ ፓነሉ ንጹሕ ከሆነና ጥላ ካልነካው፣ ኮንትሮለሩ በቀን ከ700 እስከ 800 ዋት ሰዓት ይመዘግባል። የሚገኘው ከሞላ ጎደል ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከወጪው ትልቁ የፍሪጁ ነው፤ ውጪው 27 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ 4 ዲግሪ ላይ ሲደረግ በቀን ከ350 እስከ 400 ይበላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር ማራገቢያ 150፣ ስልክና ላፕቶፕ 120፣ መብራት 40፣ ፓምፑ 10 ገደማ። ሲደመር 700 አካባቢ ይመጣል፤ ገቢና ወጪው አፍንጫ ለአፍንጫ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ኢንቨርተሩን ጨምሩበት። ምንም ነገር ሳይሰካበት፣ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ብቻ ሲቀመጥ 12 ዋት ይወስዳል። ትንሽ ይመስላል፤ በ24 ሰዓት ግን 288 ዋት ሰዓት ነው፣ ከፍሪጁ ብዙም የማያንስ። «ባትሪው ያዝ አያደርግም» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሳል። መፍትሔው ላፕቶፑንና ስልኩን ከኢንቨርተር ማላቀቅ ነው፦ በቀጥታ ከ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 65 ዋት ዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ግድግዳው ላይ ይገጠምና ኢንቨርተሩ ለመፍጫና ለመሰርሰሪያ ብቻ ይበራል። ማብሪያ ማጥፊያው በር አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ አልጋ ሥር ከሆነ ማንም አያጠፋውም።

ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር ሙሉ ጭነት ሲይዝ ከባትሪው 90 አምፔር ያህል ይስባል። ስለዚህ ገመዱ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ1 ሜትር ያነሰ፣ ፊዩዙ 125 አምፔር ሆኖ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ መቀመጥ አለበት። የዚህ ባትሪ የውስጥ መከላከያ የተሠራው ለ100 አምፔር ነው፤ 1500 ዋት የውሃ ማፍያ ቢሰካ ኢንቨርተሩ እምቢ ይላል፣ እሱ ባይል ባትሪው ራሱን ያጠፋል። የእንጀራ ምጣድን ጨርሶ አታስቡት። ቡናውም ምግቡም በከሰል ወይም በሲሊንደር ጋዝ ይሁን።

ቀጥሎ ሽቦው። ፍሪጁ እኩለ ሌሊት ላይ ይጠፋና ቮልት አነሰ የሚል ምልክት ያሳያል፤ ባትሪው ላይ ሲለካ ግን 13.1 ነው። ከባትሪው እስከ ፍሪጁ ሶኬት 6 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 12 ሜትር ይሆናል፤ የተዘረጋው ደግሞ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ 8 አምፔር ቢስብ ሽቦው ላይ ብቻ 1.1 ቮልት ይቀራል። ሶኬቱ የሲጋራ መለኮሻ ዓይነት ስለሆነ፣ ሲላላና ሲግል እሱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ፍሪጁ ጋ የሚደርሰው ከ11.8 በታች ይሆናል፤ ቮልት ሲያንስ ፍሪጁን የሚያጠፋው የባትሪ መጠበቂያ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ከተደረገ የዚህ ፍሪጅ መቁረጫ ይኸው ነው። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲቀየር የሚጠፋው ወደ 0.3 ቮልት ወረደ። ሶኬቱ በሚቆለፍ ዓይነት ይተካ፣ ባትሪው ጋ ባለ 15 አምፔር ፊዩዝ ይግባ፣ የፍሪጁ መጠበቂያም ዝቅተኛው ላይ ይደረግ፤ ሊቲየሙ የራሱ መከላከያ አለው። ምርመራው ቀላል ነው፦ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሳይሆን ሶኬቱ ላይ አድርጎ ኮምፕረሰሩ እስኪነሳ መጠበቅ።

የጣና ዳር ዋርካና ሾላ ለሰው ገነት ነው፤ ለፓነል ግን አይሆንም። ሁለቱ ፓነሎች በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱን ቅርንጫፍ ሲጋርደው ጠቅላላው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ተሳቢውን ፀሐይ ላይ ማቆም ደግሞ ፍሪጁን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። የተሻለው ተሳቢውን ጥላ ውስጥ አቁሞ አንድ ተጣጣፊ ባለ 100 ዋት ፓነል በ10 ሜትር ገመድ ወደ ፀሐይ ማውጣት ነው። ይህ ፓነል ከጣሪያዎቹ ጋር በተከታታይ አይያያዝም፤ የራሱ ባለ 10 አምፔር ኮንትሮለር ኖሮት በቀጥታ ወደ ባትሪው ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍታዋ፤ ፓነሉን ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ማቅናት በግልጽ ይጨምራል። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ግን አናት ላይ ስለምትሆን ጠፍጣፋ ማስተኛት ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ያልታሰረ ፓነል ይገለብጣል፤ በአራቱም ማዕዘን በካስማ ይታሰር። ሲመሽ ደግሞ ይሰብሰብ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ የፓነል ዋጋ አይገባውም።

ጣሪያው ላይ ያሉት ከላሜራው 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው መታሰራቸው በመጋቢት ሙቀት ጠቅሟል። የፓነሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በጨመረ ቁጥር በየዲግሪው 0.35 በመቶ ገደማ ኃይል ይቀንሳል፤ 60 ዲግሪ ሲደርስ 12 በመቶ ሄደ ማለት ነው። የወፍ ኩስ ሌላው ጠላት ነው፤ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ደቂቃ ቢታሽ ያበቃል፣ ከደረቀ በኋላ ግን መፋቅ ይጠይቃል፣ መፋቅ ደግሞ መስታወቱን ይጭረዋል።

ክረምቱ የዚህ ስብስብ ድካም ነው። ሐምሌ ላይ ደመናው ቀኑን ሙሉ ከዋለ የሚገኘው 250 ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ማራገቢያ አያስፈልግም፣ ፍሪጁም ይቀንሳል፣ ግን 450 ይወጣል። ባትሪው አራት አምስት ቀን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ከሌላ ቦታ መሙላት ግድ ነው። ለዚህ ጄኔሬተር አልመክርም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ የቤንዚን ሞተር ከተጻፈበት ኃይል አንድ አምስተኛ ያህል እዚህ ያጣል፤ ድምፁስ ለማን ይመቻል? ከመኪናው ዲናሞ በባለ 20 አምፔር ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር (የመኪናውን ቮልት ለሊቲየሙ አስተካክሎ በሚሞላ) መሙላት ይሻላል። ከጎንደር ሦስት ሰዓት ሲነዳ 800 ዋት ሰዓት ያህል ይገባል። ገመዱ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱም ጫፍ ፊዩዝ፣ ጋንቾው አጠገብ ባለ 50 አምፔር አንደርሰን ሶኬት (ብዙ አምፔር የሚችል ማያያዣ)። ለተሳቢው የኋላ መብራት በተሠራው ሶኬት ቀጭን ሽቦ ሊቲየም ለመሙላት የሚሞክር ሰው ሽቦውን ያቀልጠዋል።

የባትሪውን መጠን በቮልት ለመገመት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ይህ ዓይነቱ ሊቲየም 40 በመቶም ሆነ 70 በመቶ ላይ 13.2 አካባቢ ያሳያል። ሻንት (የሚገባውና የሚወጣው አምፔር የሚለካበት ዕቃ) ያለው መለኪያ ያስፈልጋል፣ ማንኛውም ኔጋቲቭም በሻንቱ በኩል ማለፍ አለበት። የፍሪጁ ኔጋቲቭ በቀጥታ ባትሪው ላይ ከታሰረ መለኪያው 80 በመቶ እያለ ባትሪው ይዘጋል። በክረምት ባትሪው ለሳምንታት ሳይሞላ ሲቀር ደግሞ ቁጥሩ ይዛባል፤ አንዴ እስከ 14.4 ቮልት ሲሞላ ራሱን ያስተካክላል።

መብራቱ ቢጫ ይሁን፣ 2700 ኬልቪን። ነጭ መብራት የሐይቁን ትንኝ ሁሉ ይጠራል፤ የሞተው ትንኝ የፍሪጁን መተንፈሻና የኢንቨርተሩን ማራገቢያ ይደፍናል።

የዘጌው ኮረኮንች መንገድ ብሎን ያላላል። ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በኋላ የባትሪውን፣ የፊዩዙንና የሻንቱን ብሎኖች በቁልፍ መንካት ተገቢ ነው፤ የላላ ብሎን ይግላል፣ የጋለ ፕላስቲክ ይቀልጣል። የፓነል ማያያዣዎች ወንዱና ሴቷ የአንድ አምራች ይሁኑ። የተለያዩት ሲገጠሙ ጠቅ ይላሉ፣ ውስጣቸው ግን በደንብ አይነካካም።

ተሳቢው ለወራት የሚቆም ከሆነ ባትሪው 60 በመቶ አካባቢ ላይ ይተውና ዋናው ማጥፊያ ይቆረጥ። ሲለያይ መጀመሪያ ፓነሉ፣ ቀጥሎ ባትሪው፤ ሲመለስ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓነሉ። ኮንትሮለሩ 12 ቮልት መሆኑን የሚያውቀው ከባትሪው ነው፤ ፓነሉ ቀድሞ ከገባ ግራ ተጋብቶ ሊበላሽ ይችላል።