የቢሮ ምስጢር፦ በቴሌግራም ወይስ በሲግናል?

አራት ኪሎ ያለ አንድ ኃላፊ ካዛንቺስ ላለ ባልደረባው ረቂቅ ሰነድ ሊልክ ነው እንበል። እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቴሌግራም ነው። አይፈረድበትም። ሁሉም ሰው እዚያ አለ፤ ትልቅ ፋይልም ይልካል። ግን ተራው የቴሌግራም መልእክት የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ከላኪ እስከ ተቀባይ ድረስ የሚመሰጠረው ምስጢራዊው ቻት ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም። የቢሮ ሥራ ደግሞ ግሩፕ ይወዳል። መሥሪያ ቤቱን የለቀቀው ሰውዬም ካላስወጡት እዚያው ሆኖ ያነባል።

ሌላው የመልእክት መተግበሪያ፣ ሲግናል፣ እዚህ ላይ ይበልጣል። ግሩፑም የተመሰጠረ ነው፤ ኩባንያው ራሱ ማንበብ አይችልም። ጣጣው ሰው ነው። መጋቢት 2017 የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ማይክ ዋልትዝ የከፈቱት የሲግናል ግሩፕ ስለ የመን ጥቃት ይመክር ነበር። ጋዜጠኛው ጄፍሪ ጎልድበርግ በስህተት ገባበት። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት የጥቃቱን ሰዓት ሳይቀር ጻፉ። ቁልፉ አልተሰበረም፤ በሩን ከውስጥ ከፈቱለት እንጂ። መልእክቶቹ ራሳቸው እንዲጠፉም ተደርገው ነበር። ለምስጢር ጥሩ ነው፤ ነገ ማን ምን ወሰነ ሲባል ግን ማስረጃው የለም።

ስክሪንሹት የሚያነሳ ሰው ካለ ሁለቱም አያድኑም።

ለስብሰባ ቀጠሮ ቴሌግራም ይበቃል። ምስጢር የግድ በስልክ ይሂድ ከተባለ ሲግናል ይሻላል። ውሳኔ ያለበት ወረቀት ግን ማኅተም ተመትቶበት በመዝገብ ቤት ይሂድ። ከአራት ኪሎ ካዛንቺስ ለተላላኪም ሩቅ አይደለም።