ማልታ ላይ «ግሮቶ አለው» ሲሏችሁ «የቱ ግሮቶ?» በሉ

እኩለ ሌሊት አልፏል። ማለዳ በረራ አለን። እማዬ አጠገቤ ተኝታለች፣ እኔ ግን ንዴቱ አላስተኛ ብሎኝ ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ሲበርድልኝ «ምን ይደረግ» ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቃለሁ።

150 ዩሮ ተበላሁ። ገንዘቡ ያንገበግባል፣ አልዋሽም። ከገንዘቡ ይልቅ ግን እማዬ አስፋልት ዳር ጫማዋን ስታወልቅ ያየኋት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። እደርስበታለሁ።

ማልታ የመጣነው በእሷ ምክንያት ነው። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት መጥታ፣ ቪዛዋ ሳያልቅ አንድ ቦታ ልውሰድሽ ስላት ፓሪስም ሮምም አላለችም። «መላጥያ ቅርብ ነው አሉ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቱርክ ውስጥ ያለችውን ማላትያ መስላኝ ግራ ገባኝ። ለካ የሐዋርያት ሥራ 28 ላይ ያለችው ናት። ቅዱስ ጳውሎስ 276 ሰው የጫነችው መርከብ ተሰብራ የወጣባት፣ እፉኝቷን ከእጁ ላይ ወደ እሳት ያራገፈባት ደሴት፣ ማልታ። እዚያ ሦስት ወር ቆይቷል። ያረፈበት ነው የሚባለው ዋሻ (እነሱ ዋሻን «ግሮቶ» ይላሉ) ራባት በምትባል ከተማ፣ በስሙ ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ሥር ይገኛል። እማዬ የፈለገችው ያንን ዋሻ ብቻ ነው። ባሕሩና አሮጌዎቹ ከተሞች የእኔ አምሮት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በራሳችን ዞርን፤ ምንም አልጎደለብንም። ዋና ከተማዋ ቫሌታ ግሩም ናት። ከ1565ቱ (እ.ኤ.አ.) የኦቶማን ቱርኮች ከበባ በኋላ በ1566 የተቆረቆረች፣ ዳገትና ቁልቁለቷ የእማዬን ጉልበት ቢፈትንም። ካቴድራሉ ውስጥ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ በ1608 የሳለውን የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት መቆረጥ አይታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆመች። ቋንቋቸውማ ጉድ ነው። ዓይንን «አይን»፣ ራስን «ራስ» ይላሉ። እማዬ ይህን ስነግራት «ዘመዶቻችን ናቸው እኮ!» አለች። ዘመድ እቴ።

ስሊማ በምትባል ከተማ ባሕር ዳር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ጉብኝት የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። የትም ሀገር አንድ ናቸው። «ማዳም፣ ከየት? ኢትዮጵያ! ኃይሌ! ቡና!» ይላል። ይሄኔ ፈገግ ካልሽ አለቀልሽ። እኔ ፈገግ አልኩ። «ሁሉም በአንድ ቀን» የሚል፣ ፎቶ የተደረደረበት ወረቀት አወጣ። ምዲና፣ ዲንግሊ ገደል፣ ግሮቶ፣ ማርሳሽሎክ፣ ለሰው 75 ዩሮ። እኔም ነጭ ነጩን ነገርኩት። እናቴ ሃይማኖተኛ ናት፣ የቅዱስ ጳውሎስን ዋሻ ካላየች ሌላው ምንም አይጠቅመንም አልኩት። «ሴንት ፖል? አለ! ግሮቶ? አለ! ሁሉም አለ ማዳም!» ደረቱን መታ መታ አደረገልኝ። የካርድ ማሽኑ ተበላሽቷል። (እንዴት ሁልጊዜ እኔ ስደርስ ይበላሻል?) ጥሬ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ ብሎ ከጥራዝ ቀድዶ የሰጠኝ ቁራጭ ላይ «ግሮቶ» ብሎ ጻፈ። እኔም በደስታ አጣጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት፣ ሞኝት።

ዛሬ ጠዋት ሚኒባሷ ወሰደችን። መጀመሪያ የሄድነው ሴንት ፖል ቤይ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። እማዬ ስሙን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ስድስት ሰዎች ተሳፈሩና ጉዞ ቀጠለ። ለካ «ሴንት ፖል አለ» ያለው ይሄ ኖሯል። ሰው የሚጫንበት ፌርማታ!

ቀጥሎ ታ ቃሊ የምትባል የእደ ጥበብ መንደር ወስደው መስታወትና ብር ጌጥ ቤት ውስጥ ወሸቁን። ኢስታንቡል ምንጣፍ ቤት የተወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ከዚያ ምዲና 40 ደቂቃ። 40 ብቻ! የቀድሞዋ ዋና ከተማ፣ ቢጫ ድንጋይ፣ መኪና እንደልብ የማይገባባት፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ የምታወሪባት ከተማ። በ1724 በተሠራው በር ገብተን ገና ካቴድራሉ ጋ ስንደርስ አስጎብኚው ሰዓቱን እያሳየ ያጣድፈን ጀመር። ያ ካቴድራል የቆመው ጳውሎስ አባቱን የፈወሰለት የደሴቲቱ አለቃ ቤት በነበረበት ቦታ ነው ይባላል። ይህንን አስጎብኚው አልነገረንም፤ አሁን ማታ ነው ያነበብኩት።

እዚህ ጋ ነው ራሴን መምታት የሚያምረኝ። ከምዲና በር ውጪ ያለችው ከተማ ራባት ናት። በር ላይ ቆመን ሚኒባሷን ስንጠብቅ ዋሻው በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። አሥር! ታፔላውን አይቻለሁ። «ራባት» ይላል። የሞሮኮ ዋና ከተማ ትዝ አለችኝና አለፍኩት። እማዬ «ዋሻው መቼ ነው?» ስትለኝ «ወረቀቱ ላይ አለ፣ ይደርሳል» አልኳት። በልበ ሙሉነት።

ዲንግሊ ላይ 250 ሜትር ከሚሆን ገደል አፋፍ ባሕሩን አየን። ውብ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ አንድ ጠመዝማዛ መንገድ ዳር ቆመች። አስጎብኚው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ «ግሮቶ! አሥር ደቂቃ፣ ፎቶ ፎቶ!» አለ። እማዬ ቀድማ ወረደች። እኔ ቦርሳዬን ስፈልግ ትንሽ ዘገየሁ። ስወርድ መንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አንዱን አውልቃለች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች። ቀና ብላ «ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?» አለችኝ። ወደ ፊት ሳይ ባሕር ነው። ከሥራችን ገደል፣ ከገደሉ ሥር ድንጋይ ቅስት፣ ሰማያዊ ውኃ። ሰዎቹ ራሳቸውን ፎቶ እያነሱ ነው።

አስጎብኚውን ጠየቅኩት። «ግሮቶ ነው። ብሉ ግሮቶ» አለኝ።

«የጳውሎሱስ?»

«እሱማ ራባት ነው። ጠዋት እኮ እዚያው ነበራችሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«አልጠየቃችሁም።»

እንዲህ ነው ያለኝ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አለውና ሁለቱም ሳቁ። ቢያንስ በጀልባ ወደ ሰማያዊው ዋሻ ልንገባ አይደል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «ዛሬ ባሕሩ ይናወጣል፣ ተዘግቷል» አለ። ይህን ሲለኝ ከሥራችን ትንንሽ ጀልባዎች ሰው ጭነው ቅስቱ ሥር ሲገቡና ሲወጡ በዓይኔ እያየሁ ነው! በጣቴ አሳየሁት። ትከሻውን ሰበቀ። «እሱ ለብቻው ይከፈላል። ደግሞ ጊዜ የለንም።» ለመስታወት ቤቱ ግን ጊዜ ነበረው።

ተሳደብኩ። በአማርኛ ስለሆነ ማንም አልገባውም። እማዬ ገብቷታልና «ተይ አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ ጫማዋን መልሳ እያጠለቀች። ሌላ ምንም አላለችም። ምነው በተቆጣችኝ።

የቀረው አያስወራም። ማርሳሽሎክ የሚታወቀው በእሁዱ የዓሣ ገበያ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ኮሚሽን የሚቆርጡበት ምግብ ቤት አስቀመጡን። ጀልባዎቹ ግንባራቸው ላይ ዓይን ተስሎባቸዋል፣ ከክፉ እንዲጠብቅ ነው አሉ። እንደ ሞኝ አፍጥጠው አዩኝ።

ማታ ስሊማ ተመልሼ ሄድኩ። ጃንጥላው ታጥፏል፣ ሰውዬው የለም። ጎን ያለው ሌላኛው ሻጭ ደረሰኜን አየና «ግሮቶ ይላል፣ ግሮቶ አይታችኋል፣ ምን ጎደለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው፤ የዋሸኝ ቃል ፈልጌ ላገኝበት አልቻልኩም። ሴንት ፖልም ነበረ፣ ግሮቶም ነበረ።

እማዬ ከመተኛቷ በፊት አዲስ አበባ ለጎረቤታችን ደውላ ነበር። «አየሽው ወይ?» ብላ ስትጠይቃት በስልኩ ይሰማኛል። እማዬ እኔን ገልመጥ አደረገችና «ከሩቅ ተሳልሜው መጣሁ» አለቻት።

ለምትሄዱ፦ ከቫሌታ በሕዝብ አውቶቡስ ራባትና ምዲና በቀላሉ ይደረሳል፣ ማንም አያስፈልጋችሁም። ወደ ዋሻው የሚገባው አጠገቡ ባለው ሙዚየም በኩል ነው። የብሉ ግሮቶን የጀልባ ትኬት እዚያው ባሕሩ ዳር ግዙ፤ ብርሃኑ የሚያምረው ጠዋት ነው፣ ነፋስ ካለ ግን በእርግጥ አይወጡም። የግድ ከመንገድ ሻጭ ከገዛችሁ የቦታውን ሙሉ ስም፣ ስንት ደቂቃ እንደምትቆዩና ጀልባ ይኑረው አይኑረው በጽሑፍ ተቀበሉ። ጥሬ ብር አትስጡ። የእኔ ደረሰኝ አሁንም እጄ ላይ ነው፤ «ግሮቶ፣ 2 ሰው፣ 150» ይላል። ስልክ ቁጥር እንኳ የለውም።