የሥነ ምህዳር አሻራ ማስያው፦ ጥያቄው ጥሩ፣ አካፋዩ የተደበቀ

ግሎባል ፉትፕሪንት ኔትወርክ የተባለው ድርጅት በድረ ገጹ በነጻ ያቀረበው የአሻራ ማስያ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ሁሉም ሰው እንደ እርስዎ ቢኖር ስንት ምድር ያስፈልግ ነበር? አሻራ የሚባለው አንድ ሰው የሚጠቀምበትን ለማምረትና የሚለቀውን ካርቦን ለመምጠጥ የሚያስፈልገው የመሬትና የውኃ ስፋት ነው። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው። ለማያውቅ ግን የሕዝብ ብዛትን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ የግል አኗኗር ጉዳይ አስመስሎ ይሸኘዋል።

ሥራው የሚጀምረው አገር በመምረጥ ነው። ከዚያ ስለ ምግብ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ጉዞ አሥራ አምስት ገደማ ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ ብዙዎቹ ጠቋሚውን ግራና ቀኝ በማንሸራተት ይመለሳሉ። አስቀድመው አራት ቁጥሮች ይያዙ፦ የቤቱን ስፋት በካሬ ሜትር፣ በሳምንት በመኪና የሚጓዙትን ኪሎ ሜትር፣ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር የሚጨርሰውን ነዳጅ በሊትር፣ በዓመት በአውሮፕላን የሚያሳልፉትን ሰዓት። ዝርዝር ለመጨመር የሚያስችለውን ቁልፍም ሳይጫኑ አይለፉ፤ በተለይ ምግብ ላይ። ዋናው ጥያቄ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ምን ያህል እንደሚያዘወትሩ በደፈናው ይጠይቃል፤ ዝርዝሩ ሲከፈት ግን የከብትና የበግ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ተለያይተው ይመጣሉ። አንድ ኪሎ የከብት ሥጋ የሚፈልገው መሬት ከአንድ ኪሎ ዶሮ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሁለቱን በአንድ ጠቋሚ መመለስ ውጤቱን ያዛባል።

ስሕተት የሚበዛው ጉዞ ላይ ነው። የሚጠየቀው እርስዎ የተጓዙት ርቀት ነው፣ መኪናው የሄደው አይደለም፤ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለሰውን ሾፌር ኪሎ ሜትር የራስ አድርጎ ማስገባት አሻራውን ያሳብጣል። የበረራ ሰዓት መመለሻንም ይጨምራል፤ 6 ሰዓት የሚወስድ መስመር ደርሶ መልስ 12 ነው። ቆሻሻን ከጎረቤት ጋር አነጻጽሩ ማለቱ ግን የማስያው ደካማ ጥያቄ ነው። የጎረቤቱን ቆሻሻ የሚመዝን ማን አለ?

መጨረሻ ላይ ቀን እና የምድር ብዛት በትልቁ ይወጣሉ፤ ቀኑ ሁሉም እንደ እርስዎ ቢኖር ምድር በዓመት የምትተካው ሁሉ የሚያልቅበት ነው። ሁለቱ ያው አንድ ነገር ናቸው፦ 365ን ለምድሮቹ ቁጥር ሲያካፍሉ ቀኑ ይመጣል። ለመላው ዓለም የ2025 እ.ኤ.አ. ቀን ጁላይ 24 ነበር፤ የዓመቱ 205ኛ ቀን ስለሆነ 1.8 ምድር ገደማ ማለት ነው። የሚጠቅመው ቁጥር ግን በዝርዝሩ ውስጥ በግሎባል ሄክታር የተቀመጠው ነው። ግሎባል ሄክታር የዓለም ምርታማ መሬትና ውኃ አማካይ ምርት የሚሰጥ አንድ ሄክታር ነው።

ማስያው የሚደብቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። የምድሮቹ ቁጥር የሚገኘው የእርስዎን አሻራ ለአንድ ሰው በሚደርሰው የምድር የማምረት አቅም በማካፈል ነው። ያ አካፋይ ደግሞ ራሱ የሌላ ማካፈል ውጤት ነው፦ 12 ቢሊዮን ገደማ ግሎባል ሄክታር ለ8 ቢሊዮን ሰው፣ ማለትም 1.5። በ1961 እ.ኤ.አ. የዓለም ሕዝብ 3 ቢሊዮን ገደማ ሳለ ድርሻው ከ3 ግሎባል ሄክታር በላይ ነበር። ስለዚህ 3 ግሎባል ሄክታር የሚወስድ ኑሮ ያኔ ለአንድ ምድር ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ያው ምግብ፣ ያው ቤት፣ ያው መኪና 2 ምድር ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የ2024 ትንበያ ሕዝቡ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ቀስ ብሎ መቀነስ እንደሚጀምር ያሳያል። አጠቃላይ አቅሙ ባለበት ቢቆይ ድርሻው ወደ 1.2 ይወርዳል፤ ባለ 3 ግሎባል ሄክታሩ ሰውም አንዳች ሳይጨምር ወደ 2.6 ምድር ይጠጋል። በማስያው ላይ ይህን አካፋይ የሚለውጡበት ቦታ የለም። ጠቋሚ ሊሠራለት የሚገባው ከሁሉ በፊት እሱ ነበር።

የቤተሰብ ቁጥር ጥያቄም ለትዝብት ይዳርጋል። ሌላውን መልስ ሁሉ ሳይነኩ በቤቱ የሚኖሩትን ከ2 ወደ 6 ከፍ ቢያደርጉ አሻራዎ ይቀንሳል፤ ቤቱና የሚወስደው ኃይል ለስድስት ይካፈላልና። ስሌቱ ለአንድ ሰው ልክ ነው። የተጨመሩት አራቱ ሰዎች የሚበሉትና የሚጓዙት ግን በእርስዎ ውጤት ላይ አይታይም። ስንት ልጅ እንደወለዱ የማይጠይቀው አውቆ ነው፤ የልጁን ፍጆታ ለወላጅም ለልጁም ቢቆጥረው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይደምር ነበር። ውጤቱን የቤተሰብ ለማድረግ የእያንዳንዱን ሰው ለየብቻ አስልቶ መደመር ነው።

ከአካፋዩ ቀጥሎ ሊያውቁት የሚገባው የአሻራው ይዘት ነው። ከዓለም አሻራ 60 በመቶ ያህሉ የካርቦን ነው፦ የምንለቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውቅያኖስ ከሚወስደው ተርፎ፣ ለመምጠጥ የሚያስፈልገው ደን ስፋት። አንድ ሄክታር ደን በዓመት የሚመጥጠው መጠን ትንሽ ተለውጦ ቢሰላ የዓለም ውጤት ሁሉ ይንቀሳቀሳል። የእርሻው አሻራ ደግሞ በስሌቱ አሠራር ምክንያት በዓለም ደረጃ ከአቅም በላይ ሆኖ ሊታይ አይችልም፤ የታረሰው ስፋትና የታጨደው ምርት አሻራውንም አቅሙንም ስለሚወስኑ። የከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ ወይም አፈሩ እየታጠበ የተገኘ ትርፍ ምርት ጉድለት መሆኑ ቀርቶ አቅም ሆኖ ይመዘገባል። የሕዝብ ብዛት ከሁሉ በፊት የሚነካቸው ውኃና አፈር በዚህ ማስያ አይመዘኑም ማለት ነው፤ ለእኔ ከባዱ ጉድለት ይህ ነው።

ሀብታም አገር መርጠው ሁሉንም ጠቋሚ ወደ ዝቅተኛው ቢስቡም ከአንድ ምድር በታች መውረድ ይከብዳል። የመንገድ፣ የሆስፒታልና የመከላከያ ፍጆታ ለነዋሪው ሁሉ ስለሚከፋፈል ነው። ብልሽት አይደለም፤ ሆኖም ይህን ድርሻ ለይቶ ቢያሳይ ተጠቃሚው ከራሱ ምን እንደሚጠበቅ በግልጽ ያይ ነበር።

ማስያው የሚመሠረትበት የአገሮች አሻራ ስሌት በየዓመቱ ሲታደስ ያለፉት ዓመታት ቁጥሮችም ወደ ኋላ ይታረማሉ። ስለዚህ የዓምናውን ውጤት ከዘንድሮው አያነጻጽሩ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይሙሉት፤ በሁለተኛው አንድ መልስ ብቻ ይለውጡና በግሎባል ሄክታሩ ላይ ያለውን ልዩነት ይመዝግቡ። በረራን ወይም የከብት ሥጋን ለመፈተሽ ይህ በቂ ነው። ለክፍል ትምህርት የሚጠቀም መምህር ከማስያው ግሎባል ሄክታሩን ብቻ ወስዶ፣ ማካፈሉን በሰሌዳ ላይ በ3፣ በ8 እና በ10.3 ቢሊዮን ቢያሠራ ተማሪዎቹ ድረ ገጹ የማያሳየውን ግማሽ ያገኛሉ።