በአበባ ኤግዚቢሽን ላይ ችግኝ የምትገዙ መንገደኞች፣ ሥሩን ሳታዩ አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሱሉልታ አካባቢ በተዘጋጀ የአበባና የግቢ ማስዋብ ኤግዚቢሽን ላይ የደረሰብኝ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው፤ በተለይ ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ በጎጃም መንገድ የምትመለሱ ሰዎች ልብ ብላችሁ አንብቡት። ዝግጅቱ ራሱ የሚያስመሰግን ነበር፤ በድንጋይ ንጣፉና በአበቦቹ አሰዳደር ላይ ብዙ ሙያ የፈሰሰበት መሆኑ ያስታውቃል። ቅሬታዬ እዚያ ችግኝ ይሸጥ በነበረ አንድ ነጋዴ ላይ ነው።

ነጋዴው በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ያሉ፣ እምቡጥ የያዙ ጽጌረዳዎችን ሥር የሰደዱ ችግኞች ናቸው ብሎ በውድ ዋጋ ሸጠልኝ። ባሕር ዳር ገብቼ ወደ መሬት ላዛውራቸው ላስቲኩን ስቀድ አፈሩ እጄ ላይ ተበተነ፤ ከመሀሉ የወጣውም ጫፉ በመቀስ በሰያፍ የተቆረጠ፣ የፀጉር ያህል ሥር እንኳ የሌለው ባዶ ዘንግ ነበር። የቀሩትንም ብፈትሻቸው ሁሉም እንደዚያው ሆነው ተገኙ።

የተቆረጠ ጽጌረዳ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲሰካ በዘንጉ ውኃ እየሳበ ለቀናት ትኩስ መስሎ ይቆያል፤ እንዲያውም እምቡጡ ሊፈካ ስለሚችል ገዢው ችግኙ የያዘለት ይመስለዋል። ቅጠሉ መጠውለግ የሚጀምረው ዝግጅቱ ተጠናቆ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መንገደኛው አገሩ ገብቷል። ጽጌረዳ ከቁራጭ ዘንግ መባዛቱ እውነት ቢሆንም፣ ቁራጩ ሥር እስኪያወጣ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ወደ ሥር እንዲሄድም አበባውና አብዛኛው ቅጠሉ አስቀድሞ ይቀነሳል። አበባ እንደተሸከመ አፈር ውስጥ ተሰክቶ ችግኝ ነው የተባለ ዘንግ ግን ማታለያ ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዘንጉን ከአፈሩ አጠገብ ይዛችሁ በቀስታ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ሥር የያዘ ችግኝ አፈሩን ይዞ ይነሣል፤ ያልያዘው ብቻውን ይወጣል። የላስቲኩን ግርጌም ገልብጣችሁ እዩ፤ በደንብ ያደገ ችግኝ ብዙውን ጊዜ በቀዳዳዎቹ በኩል ሥሩ ብቅ ይላል። ነጋዴው ይህን እንዳታደርጉ ከከለከላችሁ ትታችሁት ሂዱ።

በማሳያው ላይ ያያችሁትን ግቢ እንዳለ ቤታችሁ ድረስ መጥተን እንሠራለን በሚል ቀብድ የሚቀበሉም አሉ። ለእንዲህ ያለ ማሳያ ብዙ ተክሎች ከነመያዣቸው ተቀብረው ለጥቂት ቀናት እንዲያምሩ ብቻ ተጠጋግተው የሚደረደሩ ሲሆን፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው የሱሉልታ ብርድ የተስማማ ተክልም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ላይስማማው ይችላል። የተክሎቹ ዓይነትና ብዛት በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ ቀብድ አትክፈሉ።

ለእኔ የተሰጠኝ ስልክ ቁጥር ብቻ የሰፈረበት ብጣሽ ወረቀት ነበር፤ ስልኩም አይነሣም። እናንተ ግን የነጋዴው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ሕጋዊ ደረሰኝ ጠይቁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከዚያው ነጋዴ የገዛችሁ ካላችሁ ይበቅላል ብላችሁ ውኃ እያጠጣችሁ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ አንዱን አውጥታችሁ የተቆረጠውን ጫፍ ፎቶ አንሡና ቀኑ ሳያልፍ ለንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ።