ባለ 200 አምፔር ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን፦ ከ14 ወር ሥራ በኋላ

ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት፣ በኤሌክትሮድ ብቻ የሚበይድ ትንሽ ኢንቨርተር ነው። ያለ ገመዶቹ 5 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በአንድ እጅ ይዞ መሰላል ለመውጣት ይመቻል። በእነዚህ ወራት የበየደው በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ፣ ላሜራና አንግል ብረት ነው። የውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እስካሁን ደህና ነው። የተበላሸው ሁሉ ከሳጥኑ ውጪ ያለው ነው፤ ገዢ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውም ይኸው ነው።

በቅድሚያ ቁጥሩን እንመልከት። ከፊት በጉልህ የተጻፈው 200 አምፔር ነው። ከኋላ ያለው ሰሌዳ ግን 200ው ለ30 በመቶ ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ ማለትም ከ10 ደቂቃ 3ቱን በይዶ 7ቱን ማረፍ አለበት። ያለ ዕረፍት የሚችለው ወደ 110 አምፔር ነው። ለባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ60 እስከ 90 አምፔር ስለሚፈልግ፣ ይህ ተርፎ ይበቃል። በባለ 3.2 ሲሠራም ኤሌክትሮድ ለመቀየርና ስላግ (ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት) ለማራገፍ የሚሄደው ጊዜ ማሽኑን ያሳርፈዋል። በባለ 4 ሚሊ ሜትር፣ 160 አምፔር ላይ፣ ፋታ ሳይሰጡት ከሠሩ ግን ቢጫው መብራት በርቶ ያቆማል። ያን ጊዜ ማሽኑን አያጥፉት፤ ፋኑ እየዞረ ያቀዝቅዘው። ዘወትር ወፍራም ብረት የሚበይድ ሰው ይህን ማሽን ባይገዛ ይሻለዋል።

100 አምፔር ሲያወጣ ከመስመር ከ17 እስከ 18 አምፔር ይስባል። 30 ሜትር የሆነ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ኤክስቴንሽን በዚህ ጭነት ብቻውን 12 ቮልት ያህል ይበላል። መስመሩ ራሱ ደካማ ከሆነ አርኩ፣ ማለትም ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ይቆራረጣል፣ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ጥፋቱም ማሽኑ ላይ ይላከካል። ከዚህም በላይ ኢንቨርተር ቮልቴጅ ሲወርድበት ጉልበቱን ለመጠበቅ ብዙ አምፔር ስለሚስብ ገመዱን ይብስ ያግለዋል። ባለ 4 ካሬ ገመድ ሲተካለት አርኩ ወዲያው ይረጋል። ገመዱን እንደተጠቀለለ መጠቀም ደግሞ ሽፋኑን አቅልጦ እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ሙሉ በሙሉ ይዘርጉት።

አብሮ የመጣው የግራውንድ መቆንጠጫ 4 ወር አልሞላም። ከስስ ላሜራ የተጣጠፈ በመሆኑ ስፕሪንጉ በሙቀት ይላላል፣ ንክኪው ይቀንሳል፣ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይብስ ይላላል። ከባድ የናስ መቆንጠጫ ገና ከመጀመሪያው ቀን ቢገጠም ይመረጣል። የሚነክሰው ቦታ ላይ ያለውን ቀለምና ዝገትም በግራይንደር ማጥራት ያስፈልጋል። ማሽኑ ላይ የሚሰኩት የገመድ ራሶች ተሰክተው እስኪጠብቁ መዞር አለባቸው። ከሥራ በኋላ ማሽኑን አጥፍተው ሲዳስሱት ራሱ ከገመዱ በልጦ ከሞቀ ላልቷል ማለት ነው።

አርኩን በተመለከተ 6013 በሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት ላይ እንከን አይወጣለትም። 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ላይ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ45 እስከ 50 አምፔር፣ የኤሌክትሮዱን መያዣ ኔጌቲቭ ላይ አድርጎ አጫጭር ነጥብ እያስቀመጡ መሄድ ብረቱ እንዳይበሳ ይረዳል። ሆት ስታርቱ ግን በስስ ብረት ላይ ጠላት ነው፤ ሲለኮስ የሚጨምረው አምፔር ቀዳዳ ይከፍታል፤ ስለዚህ ዝቅ ይደረግ። 7018 የተባለው ኤሌክትሮድ መያዣው ፖዘቲቭ ላይ ሲሆን በደንብ ይሄዳል፤ ሲቋረጥ ጫፉ ላይ የሚቀረው የመስታወት ዓይነት ቅርፊት ካልተሰበረ ግን አይለኮስም። እርጥበት የነካውን 7018 ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሁለት ሰዓት ሳያደርቁ መጠቀም ለሃይድሮጅን ስንጥቅ በር መክፈት ነው፤ በማሽን ማስተካከያ የሚካካስ ነገር የለም። 6010 በተባለው ኤሌክትሮድ ላይ ማሽኑ አይሆንም፤ በቂ የቮልቴጅ መጠባበቂያ ስለሌለው አርኩ ትንሽ ሲረዝም ይጠፋል።

ትልቁ ሥጋት አቧራ ነው። ፋኑ የግራይንደር ብናኝ እየሳበ ቦርዱ ላይ ያከማቻል፤ ብናኙ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ሾርት ያደርጋል። ግራይንደሩን ከማሽኑ አርቆ ማስቀመጥ ግማሹን ችግር ያስቀራል። የቀረውን በየሁለት ወሩ በደረቅ አየር ማጽዳት ያስፈልጋል። ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ክዳኑን ከፍተው የትላልቆቹን ካፓሲተሮች ቮልቴጅ በመልቲሜትር ይለኩ። ማሽኑ ሲሠራ እዚያ ያለው ከ300 ቮልት በላይ ዲሲ ነውና ወደ ዜሮ መውረዱ ሳይረጋገጥ እጅ አይገባም። ከዚያ ከ2 እስከ 3 ባር ባለው አየር፣ ከርቀት፣ የፋኑን ክንፍ በእንጨት ይዘው ይንፉት። በአየር ግፊት ያለ ልክ እንዲዞር ከተተወ ኩሽኔታው ይበላሻል፤ ፋን የሌለው ኢንቨርተር ደግሞ ብዙ አይቆይም።